እግዚአብሔር በጊብ ሪቨር ሮድ ላይ ያደረገልን

ይህን በአፌ ልመሰክር ሞክሬ አልቻልኩም። ማይክ ስይዝ እንባዬ ይቀድመኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ባለቤቴ በሕይወት አለ። አሁን ይህን ስጽፍ ሳሎን ተቀምጦ ልጃችንን ሂሳብ ያስጠናል። ያደረገው እግዚአብሔር ነው፤ ስሙ ይባረክ።

የምንኖረው ፐርዝ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ ነው። ባለቤቴ ኪምበርሊ የሚባለውን የሰሜኑን ምድር ለማየት ሲመኝ ኖሯል። ስፋቱ ከ400 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሚኖርበት ሰው ግን አንድ መለስተኛ የአገራችንን ከተማ አይሞላም። መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው ጊብ ሪቨር ሮድ 660 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አብዛኛው ፒስታ። መጀመሪያ የተሠራው ከብት ወደ ደርቢና ወደ ዊንድሃም ወደቦች ለማድረስ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ወንዞቹ ይሞሉና መንገዱ ይዘጋል። ሰው የሚጓዘው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ደረቅ ወቅት ነው። እኛም በሐምሌ ሄድን። እስከ ብሩም በአውሮፕላን፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ድንኳን የተገጠመለት ፎር ዊል ተከራይተን።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ እኔ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር።

እናቴ በየማለዳው በልጆቿ ላይ መዝሙር 91ን ትጸልያለች። በወንድሜም ላይ ትጸልይ ነበር። እሱ ከሐዋሳ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። በዚያው ዕለት ማለዳም ጸልያለት ነበር። «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና» ይላል ቃሉ። በመንገድህ ሁሉ! ወንድሜ ግን አምቡላንስ ሳይደርስለት መንገድ ዳር ደሙ ፈሶ አለቀ። ለቅሶውም አልደረስኩም፤ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ ያንን ገጽ እዘለዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን አልቀረሁም። እዘምራለሁ፣ እጄን አነሳለሁ። በልቤ ግን «ቃልህን አልጠበቅክም» እለው ነበር። ከዚህ የከፋም ብዬዋለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ጉዞው መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነበር። ዊንጃና የሚባለው ገደል ግድግዳው እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። በጥንት ዘመን ባሕር ውስጥ የነበረ ሪፍ፣ ማለትም የባሕር ፍጥረታት የገነቡት የድንጋይ ግንብ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የባሕር ፍጥረት ቅሪት ይታያል። በበጋው ከወንዙ በተረፉት ኩሬዎች ዳር አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተነል ክሪክ ላይ ደግሞ ተራራው ሥር ገብተን፣ በባትሪ ብርሃን፣ ውሃ ውስጥ እየሄድን በሌላኛው በኩል ወጣን። ልጄ የሌሊት ወፎቹን ፈርታ የአባቷን ቀበቶ አልለቅም አለች። ከዚያ ቤል ጎርጅ። ፏፏቴው በደረጃ በደረጃ እየወረደ ሰፊ ኩሬ ውስጥ ይገባል። ባለቤቴና ልጄ ሲዋኙ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የውሃውን ጩኸት እሰማለሁ። ሳላስበው መዝሙር 42 መጣብኝ። «ማዕበልህና ሞገድህ ሁሉ በላዬ አለፈ።» የመጣብኝ በምስጋና አልነበረም። በክስ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ካምፕ አደርን። ከእኛ ሌላ አንድ ካራቫን ብቻ ነበር። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ገና ስንደርስ እጃቸውን አውለብልበው ሰላም ብለውን ነበር።

ጨለማው ወርዷል። ባለቤቴ ጀበናውን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። ጫማ አድርጓል፣ ባትሪ ይዟል።

«እሾህ ወጋኝ» አለ።

ባትሪውን ወደ መሬት ሲመልስ ረጅም ቡናማ እባብ ወደ ሣሩ ሲሳብ አየን። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ሁለት ነጥብ አለ። ደሙ እንኳ በደንብ አልፈሰሰም። ጮህኩ። ነጠላዬን ቀድጄ ጉልበቱ ሥር ላንቀው ስል ሴትየዋ በሩጫ መጥተው እጄን ያዙኝ። «አታንቂው። አትቁረጪው። አታጥቢው» አሉኝ። ቆዳው ላይ የቀረው መርዝ ሐኪሞቹ የእባቡን ዓይነት እንዲለዩ እንደሚረዳ በኋላ ነው የገባኝ።

እግዚአብሔር እጃቸውን ይባርክ። ላስቲክነት ያለው ሰፊ ፋሻ አመጡ። ከጣቶቹ ጀምረው እስከ ታፋው አጥብቀው ጠቀለሉት። የድንኳን ብረት ከጎኑ አድርገው አሰሩት። መርዙ የሚገፋው በጡንቻ እንቅስቃሴ ነውና ሰውየው መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ ብዕር አወጡና እባቡ በነደፈበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ፋሻው ላይ፣ ምልክት አደረጉ። ከጎኑ ሰዓቱን ጻፉ። ሰማያዊ ብዕር ነበር። የእኔ እጅ ባትሪውን መያዝ አቅቶት ይንቀጠቀጣል፤ የእሳቸው እጅ ግን ቁጥሩን ቁልጭ አድርጎ ጻፈ።

እዚያ ካምፕ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለቤታቸው ግን የሳተላይት ስልክ ነበራቸው። ሮያል ፍላይንግ ዶክተር ወደሚባለው፣ ሩቅ ቦታ ላለ በሽተኛ በአውሮፕላን ወደሚደርሰው የሕክምና አገልግሎት ደወሉ። ሐኪም መስመሩ ላይ ገባ። ዕድሜውን ጠየቀ፣ ትንፋሹን ጠየቀ፣ ፋሻውን ጠየቀ። ከዚያ አንድ የከብት እርባታ ጣቢያ ስም ነገረን። የራሱ የአውሮፕላን ማረፊያ አለው። «ቀስ ብላችሁ አምጡት፤ አውሮፕላን እንልካለን» አለን።

በሽማግሌው መኪና አስተኛነው። እኔ ጭንቅላቱን ይዣለሁ፣ ልጄ እግሩ ሥር ተጣጥፋለች። መንገዱ የተጨማደደ ፒስታ ነው፤ መኪናው ይንዘፈዘፋል። በተንዘፈዘፈ ቁጥር ባለቤቴ ያቃስታል። ላቡ ጃኬቴን አበሰበሰው። አስታወከ። «ጭንቅላቴ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ልጅቷን አደራ» አለኝ።

እኔ መጸለይ አልቻልኩም። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። «ጌታ ሆይ» ማለት እንኳ አቃተኝ። ለምን ልበል? ለወንድሜ ተጸልዮ የለ?

ያኔ ነው ከእግሩ ሥር የልጄ ድምፅ የመጣው።

«በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።»

አያቷ በስልክ አስጠንታታለች። እኔ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያወሩ ጨዋታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዝም በይ ልላት ፈለግሁ። ያንን መዝሙር አይደለም፣ ሌላ በይ ልላት ፈለግሁ። እሷ ግን ቀጠለች። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ «ፍላጻ» የሚለው ላይ ሁለቴ ተሰናከለች። «ከሌሊት ግርማ አትፈራም» አለች። ውጪው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፤ ከመኪናው መብራት ሌላ ምንም አይታይም። «በተኵላና በእባብ ላይ ትጫማለህ» ስትል ባለቤቴ በደከመ ድምፅ «አሜን» አለ።

እኔ በዚያች ቃል ተሰበርኩ። ዓመታት ያፈንኩት ሁሉ ወጣ። «ወንድሜን ወሰድክብኝ። ይሄንን ተውልኝ። እባክህ ይሄንን ተውልኝ» ብዬ ጮህኩ። ጸሎቴ ያ ብቻ ነው። ሌላ የተዋበ ቃል አልነበረኝም። ሽማግሌው ቋንቋውን አያውቁም፤ ግን መሪውን እንደያዙ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጣቢያው ስንደርስ ሰዎቹ ማረፊያውን በመብራት ደርድረውት ነበር። አንድ ወጣት በፒክአፕ እየተመላለሰ ከብትና ካንጋሮ ከመንገዱ ያባርራል። ደጋግሞ ሄደ፣ ደጋግሞ ተመለሰ። ይህን ልጅ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ከዚያ ቆየን። በጣም ቆየን። ባለቤቴ ዓይኑን መግለጥ እያቃተው ነበር። እኔ ሰማዩን አያለሁ። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ኮከቡ ብዙ ከመሆኑ የተነሳ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ አይለይም። በመጨረሻ አንዱ ኮከብ ተንቀሳቀሰ።

ነርሷና ሐኪሙ ወረዱ። መጀመሪያ ያዩት በብዕር የተጻፈውን ሰዓት ነው። ሐኪሙ ቀና ብሎ «ይህን ያደረገው ማነው?» አለ። ሴትየዋን አሳየነው። «ጎበዝ» አላቸው። ፋሻውን ሳይፈቱ አነሱት። ለእኔና ለልጄ ቦታ የለም ተባልን። አውሮፕላኑ ሲነሳ አቧራው ፊታችንን መታው። ባሌ ሄደ። እኔ መሐል በረሃ፣ ልጄን ይዤ ቀረሁ።

በሌሊት መንዳት ከከብት ጋር መጋጨት ነውና እስኪነጋ መጠበቅ ነበረብን። የጣቢያው እመቤት ሻይ አፈሉልን። ልጄ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀመጡ። ምን እንደሚሉኝ ቸገራቸው መሰለኝ፣ ከኪሳቸው ቀይዋን ሃያ ዶላር አወጡ። «ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። ስንት ጊዜ ይዤው ገበያ ሄጃለሁ፤ አላውቀውም።

ጆን ፍሊን ይባላል። የፕሪስባይቴሪያን ፓስተር ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1917፣ እዚያው ኪምበርሊ ውስጥ፣ ጂሚ ዳርሲ የሚባል ከብት ጠባቂ ከፈረስ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ሆልስ ክሪክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ አደረሱት። ሐኪም የለም። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ፣ ሐኪሙ ከፐርዝ በቴሌግራም እያዘዘው፣ በሰንጢ ቀዶ ሕክምና አደረገለት። ሐኪሙ ራሱ በከብት መርከብ እስከ ደርቢ፣ ከዚያ በመኪና ተጓዘ። ሲደርስ ዳርሲ አንድ ቀን ቀድሞ ሞቶ ነበር። ፍሊን ይህን አልረሳም። ገንዘብ ለመነ፣ ሰው አስተባበረ፤ በ1928 የመጀመሪያው የሐኪም አውሮፕላን ተነሳ።

ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ» ይላል በኢሳይያስ። እኔ መኪና ውስጥ ስጮህ መልሱ እናቴ ሳትወለድ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነበር። የአንድ ፓስተር ሸክም፣ የአንድ ከብት ጠባቂ ሞት፣ የስንት ሰው መዋጮ። ስለ ወንድሜም አሰብኩ። በእሱ መንገድ ላይ ለምን አውሮፕላን አልመጣም? ጥያቄው ያን ሌሊትም አልተወኝም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ሳላዞር ጠየቅሁት።

ጎህ ሲቀድ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ደንዝዤ አነሳሁት። የመርዝ ማርከሻውን ወስዷል፤ ይተነፍሳል፤ ብሩም ሆስፒታል ነው፤ ገና ከአደጋ አልወጣም። እኔ የሰማሁት «ይተነፍሳል» የሚለውን ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ።

ወደ ደርቢ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እኔ ፒስታ ላይ ነድቼ አላውቅም። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ጉዞ ትተው ከፊቴ መሩኝ። ወንዝ ስንሻገር ወርደው ጥልቀቱን ያዩልኛል፣ ከዚያ በእጅ ይጠሩኛል። ደርቢ ደርሰንም አልተለዩኝም። እስከ ብሩም፣ እስከ ሆስፒታሉ በር አደረሱኝ።

መርዙ ጡንቻውን ጎድቶት ስለነበር ለኩላሊቱ ተሰግቶ ነበር። ለወራት ደም ሲሰጥ፣ ሲመረመር፣ ስንጠብቅ ቆየን። በመጨረሻ ሐኪሙ «ኩላሊትህ ጤናማ ነው፤ ከእንግዲህ አትምጣ» አለው።

እናቴን ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። እኔ ያንን መዝሙር እንደተውኩትም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ አንድም ማለዳ አልተውኩትም፤ ወንድምሽን በቀበርን በማግስቱም ጸልየዋለሁ። በአንቺና በቤትሽ ላይ» አለችኝ። ልጇን የቀበረች እናት ናት። በእኔ ፈንታ ስትይዘው ኖራለች።

አሁን ማታ ማታ ከልጄ ጋር እንለዋለን። «ፍላጻ» ላይ አትሰናከልም። የወንድሜን ነገር ግን አሁንም እጠይቀዋለሁ፤ አልመለሰልኝም፤ እኔም መጠየቄን አልተውኩም።

ለሐኪሙና ለነርሷ፣ ለጣቢያው ቤተሰብ፣ መብራት ለደረደሩት፣ ከብት ላባረረው ልጅ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈል። አብራችሁኝ የጾማችሁ የፐርዝ ወገኖቼ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ስታመላልሱልኝ የነበራችሁ እህቶች፣ ተባረኩልኝ። ባልና ሚስቱ በመስከረም ወደ ፐርዝ ይመጣሉ። ከእኛ ቤት እንዲያርፉ ተስማምተዋል፤ ዶሮ ወጥ እሠራለሁ ብያቸዋለሁ። የዚያ ሳምንት እሁድ አብረውን ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ የምስጋና ፕሮግራም ይኖረናል። ማይኩን ባለቤቴ ይይዛል። ሁላችሁም ኑ።