ቁልቁለቱ

ዳገት ነው የሚከብደው የሚሉ ሰዎች ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በእግር አልወረዱም። ገና ሳልጋመስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አህያ የሚነዱ አባት ደረሱብኝና “ልጄ፣ መኪና ጠፍቶ ነው?” አሉኝ።

“አይ አባባ፣ ለመዝናናት ነው።”

ከት ብለው ሳቁ።

መታጠፊያው ላይ አህያዋ ማንም ሳያዛት ቀጥ አለች። ከጭራዋ ሥር የምታልፈውን ገመድ ጠበቅ አደረጉላት፤ አለበለዚያ ጭነቱ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ይመጣል። ገመዱ ቆዳዋን እንዳይልጣት አሮጌ ነጠላ ጠምጥመውበታል። ጥለቱ ሳይቀር ይታያል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የተነሱ ቅፍለቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው አልዩ አምባ ገበያ ይደርሱ ነበር። ላይ አንኮበር ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት። ስለ ንጉሡ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጫኞቹ ግን እምብዛም አላነበብኩም።

ገመዱን እንዲህ ማሰር ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው።

“አህያዋ” አሉኝ።