ለሾፌሩ የሰጠሁት ምርቃት

በደቡብ ስፔን በሚገኝ አንድ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ውስጥ የሰሜን ሞሮኮ ጉዞዎችን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ሥራውን ያገኘሁት በአረብኛዬ ነው። አረብኛውን ደግሞ የተማርኩት ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት፣ ከማዳሜ፣ ከባለ ሱቁና ከሕንፃው ጠባቂ አፍ ነው። ከስፔኗ ታሪፋ ወደ ሞሮኮዋ ታንጀር መርከቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅበት ነው፤ ባሕሩ በጠባቡ በኩል 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ሰማዩ ሲጠራ የሞሮኮ ተራሮች ከስፔን ዳርቻ ይታያሉ። ይህ ቅርበትና ያ አረብኛ አንድ ላይ ሆነው፣ ማንንም ሳልጠይቅ ሁሉን የማውቅ መስሎ እንዲሰማኝ አድርገውኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 መጀመሪያ፣ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ በተገናኙበት ሰሞን ነው። ሃያ ሁለት ስፔናውያን ጡረተኞች ሸፍሻውን በምትባል የሰሜን ሞሮኮ ከተማ አድረው፣ በማግሥቱ በተራራማው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ፌስ ከተማ መግባት ነበረባቸው። የጉዞ ሰሌዳውን ያዘጋጀሁት ከወር በፊት ሲሆን፣ መነሻውን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ መድረሻውን ከምሽቱ 1 ሰዓት አድርጌ ጻፍኩት (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ፀሐይዋ በዚያን ጊዜ ስሌት 1፡40 ላይ ስለምትጠልቅ፣ ሾፌሩ ከማፍጠሪያው 40 ደቂቃ ቀድመው ቤታቸው እንደሚገቡ እርግጠኛ ነበርኩ።

ያላሰብኩት ግን የሞሮኮን ሰዓት ነው። ሞሮኮ ከ2018 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች አንድ ሰዓት ቀድማ ትቆይና፣ ለረመዳን ብቻ ሰዓቷን ወደ ኋላ ትመልሳለች። በዚያ ዓመት ይህ የሆነው ማርች 19 ሲሆን፣ ስፔን ደግሞ በሳምንቱ፣ ማርች 26፣ የራሷን ሰዓት ወደ ፊት ገፋች፤ በዚህም ምክንያት እስከዚያ ድረስ አንድ ዓይነት ሰዓት የነበራቸው ሁለቱ አገሮች በስምንት ቀን ውስጥ በሁለት ሰዓት ተራራቁ። መርከቡን በአዲሱ ሰዓት አስተካክያለሁ። የአውቶቡሱን ሰሌዳ ግን የውስጥ ጉዞ ነው ብዬ እንዳለ ተውኩት፤ ፀሐይዋም አሁን ከምሽቱ 12፡40 ላይ ልትጠልቅ ሆነ። በዚህ ላይ እንግዶቹ ገበያ ቆይተው 40 ደቂቃ ዘግይተው ተነሡ።

በእኔ ሰዓት ከምሽቱ 2፡45፣ በሞሮኮ 12፡45 ላይ ስልኬ ጮኸ። የቡድኑ መሪ ናት። ሾፌሩ ፌስ ለመግባት አንድ ሰዓት ሲቀረው በአንዲት የመንገድ ዳር መንደር አውቶቡሱን አቁሞ መውረዱን፣ ሱቁ ሁሉ መዘጋቱን፣ መንገዱ ላይ አንድም ሰው እንደሌለና እንግዶቹ መፍራታቸውን በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነገረችኝ። በረመዳን በፀሐይ መጥለቂያ መንገድ ጭር የሚለው ሰው ሁሉ ማዕድ ላይ ስለሆነ ነው፤ ይህን ለማያውቅ ሰው ግን ያ ጭርታ አደጋ ይመስላል። ለእንግዶቹ በተሰጠው ወረቀት ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት መስመር አልጻፍኩም ነበር።

ለሾፌሩ ደወልኩ። በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ ስለሆኑ እንደ አገሩ ወግ ሓጅ ብዬ ነው የምጠራቸው። ሰላምታ እንኳን ሳላስቀድም «መቼ ትነሣላችሁ?» አልኳቸው። «እህቴ፣ ውኃና ተምር ቀምሼ፣ ሰግጄ እነሣለሁ፤ ሩብ ሰዓት ነው» አሉኝ። አፈርኩ። እኔ ራሴ በዚያ ቀን እስከ 9 ሰዓት ጾሜ የዋልኩ ሰው ነበርኩ። ሊባኖሶች ለደከመ ሠራተኛ የሚሉትን፣ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ከልቤ አልኳቸው፦ «ያዕጢክ አልዓፍየ»፤ ብርታቱን፣ ጤናውን ይስጥዎ ማለቴ ነው። ሓጁ ዝም አሉ። ስልኩም ተዘጋ።

በማግሥቱ ጠዋት ከፌስ የሥራ አጋራችን ደወለና ሓጁ ከእኛ ጋር መንዳት እንደማይፈልጉ ነገረኝ። «ሰውዬው ጾመኛ ናቸው፤ ለምን ረገምሻቸው?» አለኝ። በሞሮኮ አረብኛ ዓፍየ ማለት እሳት ነው። እኔ በቤይሩት ቋንቋ የመረቅኳቸው፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ እሳት ይስጥህ ሆኖ ተሰማ፤ ያውም ጾሙን ለምን ፈታህ ብላ ከተቆጣች ሴት አፍ። በሌላ ሰዓት ቢሆን ኖሮ የሊባኖስ አነጋገር መሆኑን ይገምቱልኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ምርቃቱን እርግማን ያደረገው ከፊቱ የነበረው ጥድፊያዬ ነው።

ወዲያው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቃሉን ከማን እንደተማርኩና በእኛም አገር «ጤና ይስጥልኝ» መባባል እንዳለ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እኛ ጋ አላህ ይዕጢክ ስሳሓ (አላህ ጤና ይስጥህ) ነው የሚባለው» ብለው አረሙኝ። ከዚያም፣ ከቃሉ ይልቅ ያስከፋቸው ሌላ ነገር እንደነበር ነገሩኝ፦ «ሰሌዳውን ስትጽፊ አንድ ጊዜ ብትደውይልኝ፣ አንድ ሰዓት ቀድመን እንነሣ ነበር። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንግዳ መንገድ ላይ አስጨልሜ አላውቅም።» ይህ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ጉዞውን ግን እሳቸው ራሳቸው ጨረሱልን።

ከእንግዶቹ አንዷ በኋላ በሰጠችን አስተያየት፣ በዚያ ጨለማ አንድ ልጅ ወተትና ተምር በሰሃን ይዞ ወደ አውቶቡሱ መውጣቱን፣ እናቱም ተከትላ ሐሪራ የሚባለውን ትኩስ ሾርባ ማምጣቷን ጽፋለች። የቡድኑ መሪ በስልክ ስታለቅስልኝ ልጁ ገና በመንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ2024 ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከሓጁ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ፦ «እህቴ፣ እሑድ ሰዓቱ ይመለሳል።» ሰሌዳውን ከፍቼ የሸፍሻውኑን መነሻ ከ9 ሰዓት ወደ 8 አመጣሁትና፣ ለእንግዶች ከመላኬ በፊት ለእሳቸው አነበብኩላቸው።