አማርኛን ለናፖሊ ያስተማሩት፦ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ፍለጋዬ

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሮም ውስጥ ከአማርኛ ወደ ጣልያንኛ፣ ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ ስመላልስ እውላለሁ። ባለፈው ዓመት እዚህ ያሉ የማኅበራችን ወጣቶች መጥተው አንድ ነገር ጠየቁኝ። “ጣልያኖች አማርኛ መማር የጀመሩት የት ነው? ማንስ አስተማራቸው? አርባ ደቂቃ የሚሆን ነገር አዘጋጂልን” አሉኝ። ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ እሺ አልኩ። አራት ወር ፈጀብኝ። እንዴት እንደሠራሁትና የት የት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ። በየከተማችሁ ተመሳሳይ ነገር መሥራት የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

የት መጀመር እንዳለብኝ ግልጽ ነበር። ናፖሊ ውስጥ “ኦሪየንታሌ” የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በአውሮፓ የሩቅ አገር ቋንቋ ሲያስተምሩ ከኖሩት ቤቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 (ሌላ ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጳጳሱ ፈቃድ የቻይናውያን ኮሌጅ ሆኖ ተቋቋመ። በ1868 የእስያ ኮሌጅ ተባለ። በ1888 ደግሞ የምሥራቅ ጥናት ተቋም ሆነ። ዛሬ የሚጠራበትን ስም የያዘው በ2002 ነው።

የመጀመሪያው ረቂቄ በሙሉ ይህንኑ ይመስል ነበር። ዓመት፣ ሕግ፣ የስም ለውጥ፣ እንደገና ዓመት። ለአንዲት ጓደኛዬ አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችኝና “ሰው የታለ?” አለችኝ። ልክ ነበረች። ወረቀቱን አስቀምጬ ከሰዎቹ ጀመርኩ።

መሥራቹ ማቴዮ ሪፓ የሚባሉ ቄስ ናቸው። በቻይናው ንጉሠ ነገሥት በካንግሺ ቤተ መንግሥት በሠዓሊነትና በመዳብ ቀራጭነት ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል። በ1724 ወደ ናፖሊ ሲመለሱ አራት ቻይናውያን ወጣቶችና አንድ መምህር አብረዋቸው መጡ። ሐሳባቸው ወጣቶቹን ለክህነት አሠልጥኖ ወደ አገራቸው መመለስ ነበር። ቤቱ የነበረበትን ቦታ ለማየት ሳኒታ ከሚባለው ሰፈር ተነስቼ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ግቢው ዛሬ ሆስፒታል ሆኗል። የሰፈሩ ሰው ግን ቤተ ክርስቲያኑን እስከ ዛሬ “የቻይናዎቹ” ይለዋል።

ለእኔ እንደ አስተርጓሚ ልቤን የነካኝ የ1792ቱ ታሪክ ነው። እንግሊዞች ሎርድ ማካርትኒን ወደ ቻይና ንጉሥ ሊልኩ ተነሱ። ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው አገራቸው ውስጥ አጡ። ፈልገው ፈልገው ያገኙት ናፖሊ፣ እዚሁ ኮሌጅ ነው። ሁለት ቻይናውያን ካህናት ተቀጥረው አብረው ተሳፈሩ። አንዱ ማካው ሲደርሱ ፈርቶ ቀረ። ሌላው፣ ሊ የሚባለው፣ እስከ ንጉሡ ድረስ ዘለቀ። ሊ እንግሊዝኛ አይችልም። እንግሊዞቹም ቻይንኛ አይችሉም። የሁለት ታላላቅ መንግሥታት ንግግር የሄደው ሊ ናፖሊ ላይ በተማራቸው በላቲንና በጣልያንኛ ነው። የልዑካኑ ምክትል ኃላፊ ትንሽ ልጅ በመርከቡ ላይ ከእነዚሁ ሰዎች ቻይንኛ ለመደ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በንጉሡ ፊት ቆሞ በራሳቸው ቋንቋ አናገራቸው፤ ንጉሡም ከወገባቸው ከረጢት ፈትተው ሸለሙት። ሊ ግን በእንግሊዞቹ ወረቀት ላይ “ሚስተር ፕለም” ሆኖ ቀረ። ሊ ማለት ፕለም የሚባለው ፍሬ ስለሆነ ስሙን ተርጉመውት ነው።

ስም እንዲህ እንደሚጠፋ ያን ጊዜ ገባኝ። የእኛዎቹንም ስፈልግ የገጠመኝ ይኸው ነው።

ጣልያን ምጽዋን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ተቋሙ እንደ አዲስ ተደራጀ። በዓመቱ የውጫሌ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። አማርኛና ትግርኛ ወደ ናፖሊ የገቡት በዚሁ ዘመን ነው። ቻይንኛ የገባው በወንጌል ምክንያት ነበር፤ የእኛ ቋንቋዎች የገቡት በቅኝ ግዛት ምክንያት ነው። ይህንን ሳልሸፋፍን ለመጻፍ ወሰንኩ። ቋንቋ የተማረ ሁሉ በፍቅር የተማረ አድርጎ ማቅረብ ውሸት ነው።

የጣልያን ጽሑፎች የሚያነሱት ፕሮፌሰሮቹን ነው። ፍራንቼስኮ ጋሊና የሚለው ስም በየገጹ አለ። ግን አማርኛው ከማን አፍ ወጣ? ትግርኛውስ? ይህን ጥያቄ ይዤ ስገባ ሁለት ሰዎች አገኘሁ።

አንዱ ፍስሐ ጊዮርጊስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1890 ከምጽዋ በመርከብ ተነስተው ጣልያን ገቡ፤ ናፖሊ ላይም አስተማሩ። ስለዚያ ጉዟቸው የጻፏት ትንሽ መጽሐፍ በ1895 ሮም ታተመች። በትግርኛ ከታተሙት የፈጠራ ጽሑፎች ቀዳሚዋ እሷ ነች ይባላል። ከዓድዋ በፊት አንድ ዓመት ብቻ ነው የቀረው። ያን ሳስብ ቀኑን ደጋግሜ አየሁት።

ሁለተኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የዘጌ ልጅ፣ ቱሪን ሥዕል የተማሩ። ናፖሊ ላይ የጋሊና ረዳት ሆነው አማርኛ አስተማሩ። በ1905 የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ፤ በ1911 ስለ አማርኛ ግሥ ሌላ ጨመሩ። በመካከሉ፣ በ1908፣ “ልብ ወለድ ታሪክ” ወጣ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ቃሉን ልብ በሉት። ዛሬ መጻሕፍት መደብር ገብተን “ልብ ወለድ አላችሁ?” ስንል የምንጠራው የዚያን መጽሐፍ ርዕስ ነው። “ረዳት” የተባለው ሰው ለቋንቋው አዲስ ቃልና አዲስ የጽሑፍ ዓይነት ሰጠው።

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ብዙ ቀን አቃጠልኩ። መጀመሪያ፣ ካታሎግ ውስጥ “አፈወርቅ” ብዬ ስፈልግ ምንም አላገኘሁም። ጣልያኖቹ ስሙን በራሳቸው አጻጻፍ “አፌቮርክ” አድርገውታል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩ አንዳንዱ ዝርዝር ላይ በ“ገብረ” ሥር፣ ሌላው ላይ በ“ኢየሱስ” ሥር ተቀምጠዋል። አንዲት የላይብረሪ ሠራተኛ ሁኔታዬን አይታ ወረቀት አመጣችና ስሙን በስድስት ዓይነት ጻፍን። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወጣ። ከአገራችን ሰው የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ይህንን ያድርግ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ልብ ወለዱ በእኛ አቆጣጠር 1900 ነው፤ በእነሱ 1908። አንድ ማስታወሻዬ ላይ 1900፣ ሌላው ላይ 1908 ብዬ ስለነበር ሁለት እትም ያለው መስሎኝ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩበት። ገጹ ተቀደደ። አሁን ማስታወሻ ስይዝ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” ሳልጽፍ ወደሚቀጥለው መስመር አልሄድም።

ንግግሩ የተካሄደው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አዳራሹ ሞላ። የአፈወርቅን ልብ ወለድ እያወደስኩ ሳለ ከኋላ አንድ አዛውንት ተነሱ።

“ልጄ፣ አባቴ አርበኛ ነበሩ” አሉ። “እኛ ቤት የእኚህ ሰው ስም በደግ አይነሳም።”

አዳራሹ ጸጥ አለ። እውነታቸውን ነው። አፈወርቅ በወረራው ዘመን ከጣልያን ጋር ቆመዋል፤ “አፈ ቄሳር” ተብለው ተሹመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ጅማ ላይ በግዞት ሞተዋል። ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ውዳሴውን አስቀድሜ ክህደቱን ለማሳረጊያ ማቆየቴ ስህተት ነበር። የሰማዕታት ልጆች የተቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ እንዲህ አይደረግም።

“ይቅርታ ጋሼ፣ መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ” አልኳቸው። ወረቀቴን ገልብጬ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ።

እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙኝ። “እንዲህ ከሆነ ደህና፤ ቀጥይ” ብለው ተቀመጡ። ጽሑፉን በኋላ ስጽፈው ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ውስጥ አደረግኳቸው። ሰውየው አንድ ናቸውና።

ሌላው የምቆጭበት ነገር የሰዓት ክፍፍሌ ነው። ለአፈወርቅ ሃያ ደቂቃ ሰጥቼ ለፍስሐ ጊዮርጊስ አምስት ብቻ ደረሳቸው። የጻፉት የኢትዮጵያ ታሪክ ናፖሊ ላይ እዚያው ተቋም ውስጥ ባስተማሩት በያዕቆብ በየነ አዘጋጅነት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከተጻፈ እስኪታተም መቶ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? ስለዚህ ብቻ አንድ ምሽት ማውራት ይቻል ነበር።

ሰው ሲበተን አዛውንቱ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። የዚያችን የ1895 መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ኮፒ አነሱና መነጽራቸውን አጠለቁ። “እናቴ የዓድዋ ሰው ናት” አሉኝ። ከዚያ ትግርኛውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። እኔ ትግርኛ በደንብ አልሰማም። በየመስመሩ ቆም እያሉ በአማርኛ ነገሩኝ፣ እኔም ብዕሬን አንስቼ ጻፍኩ።