«ዲስኬ ነው አይደል?»

ወገቡን ያመመው ስፖርተኛ ወደ ሕክምና ክፍሌ ሲገባ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ዛሬም አንድ ወጣት የረጅም ርቀት ሯጭ ከአሰልጣኙ ጋር መጣ። ጦሳ ተራራ ላይ ሲሮጥ ቆይቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ወገቡን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ሰፈርተኛው ዲስክ ነው፣ በአከርካሪ አጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ ወጥቷል ብሎ ፈርዶበታል። እናቱ ደግሞ ኤምአርአይ የሚባለውን የውስጥ አካል ፊልም ካልተነሳ ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። ብሩን ከየት እንደሚያመጡት አላህ ይወቅ።

እኔ ከፊልም በፊት መጠየቅና መዳሰስ ይቀድማል ባይ ነኝ። ሕመሙ ወደ እግርህ ይወርዳል? ሌሊት ይቀሰቅስሃል? ትኩሳት አለህ? መቀመጫህ አካባቢ ይደነዝዝሃል? ሽንት መቆጣጠር አቅቶሃል? ሁሉንም «የለም» አለ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቢኖሩ ኖሮ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነበር የምልከው።

በጀርባው አስተኝቼ እግሩን ቀጥ አድርጌ አነሳሁት። ጭኑ ከኋላ ተወጠረ እንጂ ወደ ባቱ የወረደ ሕመም የለም። በተረከዙም በጣቶቹም ያለ ችግር ተራመደ። በሆዱ ሲተኛ ግን ከአከርካሪው በስተግራ ያለው ጡንቻ እንደ ገመድ ተገትሯል። ጫን ሳደርገው «እሱ ነው! እሱ ነው!» አለ።

ወጣት ስፖርተኛ ላይ አንድ ነገር ሳላይ አላልፍም። በአንድ እግሩ አቁሜ ወደ ኋላ እንዲለጠጥ አደረግኩት። በዚህ ዕድሜ የታችኛው የወገብ አጥንት ከጫና ብዛት በስሱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ መለጠጥ ያማል። ያኔ ፊልም ግድ ነው። እሱን ግን የሚያመው ወደ ፊት ሲያጎነብስ ነው። በአንድ እግሩ ሲቆም ያየሁት ሌላ ነው፤ ዳሌው ወደ ጎን ዘመመ። የመቀመጫው ጡንቻ ደካማ ነው ማለት ነው። የወገቡ ጡንቻ የሌላውን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ከርሟል። ቁልቁለት ሲጨመርበት አልቻለም።

ኤምአርአይ ቢነሳስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንደሚለው፣ ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል። ልጁ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዞ ቢመለስ ሩጫውን በፍርሃት ያቆም ነበር። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ተኝተህ ሰንብት አላልኩትም። መተኛት ጡንቻውን ይበልጥ ያደክመዋል። ሙቅ ፎጣ ያድርግ፣ ሜዳ ሜዳውን ይራመድ። ጨጓራ ስለሌለበት ለጥቂት ቀን አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ መውሰድ ይችላል። «ወጌሻ ይሸው?» አለ አሰልጣኙ። ለስለስ ያለ መታሸት አይከፋም፤ ወገብን ቀጭ ማድረግ ግን በፍጹም!

ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴው ነው። ተንበርክኮ፣ በእጁ ተደግፎ ቀኝ እጁንና ግራ እግሩን እንዲዘረጋ አሳየሁት። ወገቡ ሳይወዛወዝ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በጎን ተኝቶ በክርን መነሳት። ላብ በላብ ሆነ። ሩጫውን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በሶምሶማ ይጀምራል፣ ዳገት ይከተላል፣ ቁልቁለት መጨረሻ። አሰልጣኙ ውድድር ስላለበት ብዙም አልጣመውም። አልተከራከርኩትም፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልቀይርም።

እናቱን ራሴ ደወልኩላቸው። «አብሽሩ እማማ፣ ጡንቻ ነው፤ አብዛኛው በጥቂት ሳምንት ይሻለዋል» አልኳቸው። «ኤምአርአዩ ይቅር ታዲያ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ለአሁኑ ይቅር አልኩ። ለውጥ ካላየሁ ግን እኔው ራሴ ጽፌ እልከዋለሁ።