ስፌቱ የተፈታውን መጽሐፍ ፍለጋ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው የእህቴ ቤት ተነስቼ ኒውዮርክ የሄድኩት ለአንድ መጽሐፍ ስል ነው። እህቴ «ለመጽሐፍ?» ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። የነጻነት ሐውልትን ለማየት ነው ብላት ይሻል ነበር።

አዲስ አበባ ሥራዬ መጽሐፍ መጠረዝ ነው። ከክር፣ ከሙጫና ከቆዳ ጋር ነው የምውለው። ለዚህ ነው የሻህ ታህማስፕ ሻህናሜህ ታሪክ የሚያንገበግበኝ፤ ለኢራኑ ንጉሥ ለታህማስፕ በእጅ ተጽፎና ተሥሎ የተዘጋጀ፣ የነገሥታትን ታሪክ በግጥም የሚተርክ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ ስፌቱ ተፈትቶ ተበታትኗል።

ስለ አውቶቡሱ ብዙ አላወራም። ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰብራል፣ ወንበሬ መጸዳጃው አጠገብ ነው፣ ዘግይተንም ገባን። ኩዊንስ ያደርኩበት ክፍል ደግሞ የማሞቂያው ቱቦ ሲንኳኳ አደረ። ለዚያ እንቅልፍ 90 ዶላር ከፈልኩ። ጠዋት መንገድ ላይ ውኃ ስገዛ ሻጩ 5 ዶላር ተቀበለኝ። ከኋላዬ የነበረውን ሰውዬ 2 ዶላር። ዝም አልኩ፤ እንግሊዝኛዬ ለጠብ አይሆንም።

ሜትሮፖሊታን ሙዚየም መግቢያው 30 ዶላር ነው። የኒውዮርክ ነዋሪ የፈለገውን ከፍሎ ይገባል። ዋሽንግተን ያሉትን የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ እየገባሁ ለምጃለሁ፤ ወደ ብር ልመነዝረው አልኩና ተውኩት። የተጣላሁት ከኪሴ ጋር ነው።

ፎቅ ላይ ወጥቼ የኢራን ክፍሎችን አገኘሁ። ግድግዳው ላይ ከመጽሐፉ የወጡ ጥቂት ቅጠሎች (ሉሆች) ተሰቅለዋል። አንዱ የሰዳ በዓል ነው። ንጉሥ ሁሻንግ ዘንዶ ለመምታት የወረወረው ድንጋይ ከሌላ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ እሳት የተገኘበት ታሪክ። ሠዓሊው ሱልጣን ሙሐመድ ነው ይባላል። ሥዕሉ ያፈዛል። የእኔ ዓይን ግን ወደ ጠርዙ ሄደ። የመርፌ ቀዳዳ ፈለግኩ። ዙሪያውን የከበበው ካርቶን ሸፍኖታል። ጀርባውም አይታይም፤ ጽሑፍ ካለበት ለግድግዳው ነው የሚነበበው።

አፍንጫዬ መስታወቱን ሊነካ ሲል ጠባቂዋ መጣች። የምፈልገውን ስነግራት ሳቀች። ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳው ተራ በተራ እንደሚወጡ፣ ቀሪዎቹ ጨለማ ውስጥ እንደሚያርፉ አስረዳችኝ። ሙዚየሙ ከዚህ መጽሐፍ ያለው 78 ሥዕል ነው።

ሙሉው መጽሐፍ ግን 759 ቅጠልና 258 ሥዕል ነበረው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ታብሪዝ ውስጥ በ1520ዎቹ ተጀመረ። በ1568 ሻህ ታህማስፕ ለኦቶማኑ ሱልጣን ለዳግማዊ ሰሊም በስጦታ ላከው። ኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ1800 አካባቢ መህመድ አሪፍ የተባለ የቤተ መንግሥቱ ሹም፣ ሥዕሎቹን ለመከለል በገቡ ወረቀቶች ላይ የየሥዕሉን ታሪክ በቱርክኛ አሳጥሮ ጻፈ። ደግ አደረገ፤ ሥዕሉን ሳይነካ ነው የጻፈው። በ1903 ፓሪስ ላይ በባሮን ኤድሞን ዴ ሮትሺልድ ንብረትነት ለእይታ ቀረበ። እስከዚህ ድረስ ባለቤት ቢቀያየርም መጽሐፉ መጽሐፍ ነበር።

በ1959 አርተር ሀውተን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ገዛው። እሱ ነው ያስፈታው። በ1970 እነዚህን 78 ሥዕሎች ለሙዚየሙ ሰጠ። በ1976 ለንደን ላይ ሰባት ቅጠል በጨረታ ሸጠ። እኛ ጋ የብራና መጽሐፍ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ተብሎ የሚሰርቀውም የሚፍቀውም ይወገዛል። ስፌት የሚፈታውን የሚያወግዝ እስካሁን አላጋጠመኝም። ማን ያስበዋል!

እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1994፣ የቀረው 118 ሥዕል፣ ጽሑፉና ሽፋኑ ቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአንድ ሥዕል ተለወጠ። ቴህራን የነበረ የዘመናዊው ሠዓሊ የደ ኮኒንግ ሥዕል ነው፤ እርቃን ሴት ስለሆነች ለሕዝብ አትታይም ነበር። በ2006 ያቺ ሥዕል 137.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ኢራን ተሸወደች የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። በ2022 ከዚህ መጽሐፍ የወጣ አንድ ቅጠል ብቻ ለንደን ላይ ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ደግሞም ሽፋኑ ያለው ቴህራን ነው። ሽፋን ያለው ሰው የመጽሐፉ ባለቤት ነኝ ቢል አልከራከረውም።

ይህን ሁሉ በሆዴ እያወራሁ አንድ ኢራናዊ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር አጠገቤ ቆመ። ከሥዕሉ በላይ ያለውን ግጥም ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። አንዲት ቃል ባይገባኝም ዜማው ደስ ይላል። ልጅቷ እጁን እየጎተተች አይስክሬም ትላለች። እኔን አየና «ትፈልጋለህ?» አለኝ፤ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበልኝ። ልጅቷ በጣም ጠላችኝ።

ሱቁ ውስጥ 258ቱም ሥዕሎች በአንድ ጥራዝ የታተሙበትን መጽሐፍ ጠየቅኩ፤ ሙዚየሙ በ2011 አሳትሞታል። ያን ቀን አልነበረም። የሱልጣን ሙሐመድ ድንቅ ሥራ የሚባለው፣ ከዚሁ መጽሐፍ የወጣው «የካዩማርስ ግቢ» የተባለ ሥዕል ደግሞ ቶሮንቶ፣ አጋ ካን ሙዚየም ነው። እዚያ የአክስቴ ልጅ ስላለች ማደሪያ አላጣም። የካናዳ ቪዛ ነው እንጂ ጣጣው።