ባለ ስድስት ቀዳዳ

የዚያ የግምጃ ቤት ሰውዬ ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል፤ ወዲያው ደግሞ የእማማ መልስ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዳ መቀበያው የቦንሳይ፣ ማለትም ድንክ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ የሚተከልበት፣ ሸክላ አዘዘን። ሱሉልታ ያለችው ወርክሾፓችን እስከዚያ ድረስ የምትሠራው ለግለሰብ ነበር፤ ጨረታ፣ ርክክብ ምናምን አናውቅም። ስፔሲፊኬሽኑ አንድ መስመር ነው፦ «ርዝመት 30 ሴ.ሜ፣ ቡናማ፣ ጥራት ያለው»። ዛፎቹ ወይራና ጽድ ስለነበሩ በቡናማው አልተከፋንም። ጽድ የሚያምረው ግሌዝ (እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ቅብ) ባልነካው፣ አፈር በሚመስል ሸክላ ውስጥ ነው፤ በጃፓኗ ቶኮናሜ ከተማ የሚሠራው ሸክላም በአብዛኛው የሚታወቀው በዚሁ ነው።

30 እንዲወጣ 34 አድርገን ሠራን። የእኛ ጭቃ ደርቆ በ1,200 ዲግሪ እስኪተኮስ ከመቶ 12 እጅ ያህል ይኮማተራል። ጠፍጣፋው ወለል እንዳይጣመም እማማ ገል ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ከጭቃው ጋር ያቦኩታል። ቀጨኔ ጀበና ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምድጃችንን ግን አሁንም አያምኑትም፤ «እሳቱን ሳታየው እንዴት በሰለ ትላለህ?» ይሉኛል። በኩበት የተተኮሰ ሸክላ ውኃ ስለሚጠጣ፣ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ለሚውል የዛፍ ማሳደጊያ አይበረክትም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። መብራት መሀል ላይ እየሄደ ያበላሸብንን ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ያን ጊዜ እሳቸው ምንም አይሉም፣ ዝም ብለው ያዩኛል።

የርክክብ ቀን «ልጆቹ ያጋጩታል» ብለው አብረውን መጡ።

ሰውዬው ሜትር አውጥቶ ለካ። ልክ 30። ያዘነ መሰለኝ። ከዚያ ገለበጠው። ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ፣ ማዕዘኖቹ ላይ አራት ትንንሽ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጋሼ፣ ትልልቁ ውኃ እንዲወርድ ነው። ትንንሹ የሽቦ ነው፤ ሸክላው ጥልቀት ስለሌለው ዛፉ ሥር እስኪሰድ ድረስ ይታሰርበታል።»

«የተበሳ ዕቃ ልረከብ?»

«ካልተበሳ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ጋሼ።»

«እኔ የምረከበው ሥር አይደለም። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ቀዳዳ የሚል አለ? የለም። ሞዴል 19፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ አልቆርጥም።»

ትንሿን ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ ለኮሚቴው አሳየ። ኮሚቴው አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ እያንዳንዱን እየገለበጠ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ማስመዝገብ ጀመረ፦ «ባለ 6 ቀዳዳ። ይሄም 6። ይሄም 6።» እማማ ነጠላቸው ላይ የተጣበቀውን ጭድ እየለቀሙ ቆይተው፣ በለሰለሰ ድምፅ፦

«ልጄ፣ ወንፊት አምጥተንልህ ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ ልትቆጥር ነበር?»

የኮሚቴው ጸሐፊ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ፤ ኮሪደር ላይ ሲስቅ ግን ይሰማል። ዕቃ አውራጆቹ መውጣትም አላስፈለጋቸውም። ሰውዬው እስክሪብቶውን ከደነ።

ያቺ ሳቅ አስከፍላናለች። ሸክላዎቹ ኮሪደር ላይ ከረሙ፣ ክፍያው ከእነሱ ጋር ከረመ። በመጨረሻ «ቀዳዳዎቹ በአምራቹ ሆን ተብሎ የተበሱ ስለመሆናቸው» የሚል ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ጻፍን፣ ማኅተም መታን፣ ተቆረጠልን። አሁን ጀማሪ ሲጠይቀኝ «ርክክብ ላይ ቀልድ የለም፣ አፍህን ዘግተህ አስፈርም» እላለሁ። እኔ ራሴ ግን ከዚያ ወዲህ እማማን ሳልይዝ ርክክብ ሄጄ አላውቅም።

ዛፎቹማ፣ ውኃ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል ተብሎ ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ ተደፈኑ። ከሥር ሳህን ማስቀመጥ ማንም አልታየውም። ወይራዎቹ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ደወሉልን፤ «ሸክላችሁ ውስጥ ምን ጨምራችሁበት ነው?» አሉ።

ይህን ብለው ደግሞ መልሰው አዘዙን። በዚህኛው ዙር ስፔሲፊኬሽኑ ረዝሟል፤ የማን እጅ እንዳለበት ሳይነገረኝ አውቄያለሁ፦ «የቀዳዳ ብዛት፦ 6 (ስድስት)»። ከታዘዙት መካከል ለጠረጴዛ የሚሆኑ ባለ 15 ሴንቲ ትንንሾች አሉ። ለእነሱ አንድ የውኃ፣ ሁለት የሽቦ ይበቃል፤ እንደዚያው ሠርተን ወሰድን።

ገለበጠ። ቆጠረ። «ሦስት ይጎድላል።»

ተከራከርኩ፣ ሥዕል ሳልኩ፣ ለመንኩ። ወደ ሱሉልታ ተመለስን። በዚያ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ድንጋይ ማለት ነው፤ የዳይመንድ መብሻ ተውሰን፣ ውኃ እያፈሰስን፣ ሳንጫን ቀስ እያልን በሳን። አንዷ ግን ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ተሰነጠቀች። ትርፍ ስላልነበረን ከሌሎቹ መሀል ሸጉጠን ወሰድናት።

እሷ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። መነጽሩን አደረገ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ አያት፣ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው።

«ሰባተኛው ምንድነው?» አለኝ።