የአጥር ጽድ ጉቶ አነቃቀል

ጎንደር በሚገኘው ግቢያችን ዙሪያ አጥር ሆነው የቆዩትን የፈረንጅ ጽዶች ማስቆረጡ ብዙም አላስቸገረም፤ አድካሚው ጉቶውን መንቀሉ ነበር። የፈረንጅ ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለማያቆጠቁጥ፣ ቦታው ካልተፈለገ እንዲበሰብስ መተው ይቻላል፤ እኛ ግን በመስመሩ ላይ የግንብ አጥር መሠረት ልናወጣ አስበን ነበር።

ቆራጮች ግንዱን ከመሬት እኩል ማድረግን እንደ ጥሩ ሥራ ይቆጥሩታል። ጉቶው የሚነቀል ከሆነ ግን አንድ ሜትር ያህል ግንድ ማስቀረት ይበጃል፤ ሥሮቹ ከተቆረጡ በኋላ ጫፉ በገመድ ታስሮ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ፣ ያ ቁመት ብዙ ጉልበት ይቆጥባልና። ዙሪያውን በዶማ ከፍቶ፣ ወደ ጎን የተዘረጉትን ሥሮች አንድ በአንድ ከገለጡ በኋላ፣ መጥረቢያ ከማንሳት በፊት አፈሩን በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ በሥሩ ልጣጭ ውስጥ የተሰነቀረች ጠጠር ስለቱን ወዲያው ታዶለድመዋለች። (እጅ ላይ የሚጣበቀው ሙጫ በሳሙና ብቻ አይለቅም፤ አስቀድሞ ዘይት መቀባት ይረዳል።)

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ጥቁሩ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር፣ ክረምቱ ወጥቶ እርጥበቱ ሳይደርቅ በመስከረም መቆፈር ይሻላል። ጉድጓዱ ሲሞላም አፈሩ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ አለበት፤ አለዚያ ግንቡ በዚያ በኩል ይሰነጠቃል።